«ቲቸር፣ ፖሊስ ልጥራ ወይስ ይቅርብኝ?»

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፣ ታገሱኝ።

በቀደም ሌሊት አንድ ሀገር ቤት ያስተማርኩት ልጅ ደወለልኝ። እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ ዴሊቨሪ ይሠራል። ምግብ አድርሶ ሲመለስ የመኪናውን መስታወት ሰብረው ቦርሳውን ከነገንዘቡ ወስደውበታል። «ቲቸር፣ ፖሊስ ልጥራ ወይስ ይቅርብኝ?» አለኝ። የጥገኝነት ኬዙ ገና አልተወሰነም።

እኔ እኮ ሥነ ዜጋ ነው ያስተማርኩት። «መብትህን ጠይቅ» እያልኩ ነው ያሳደግኩት። ያን ሌሊት ግን አፌ ተያዘ። «እስኪነጋ ቆይ» አልኩት። ነጋ፣ አልደወለም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ልጁ የፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። ዲሲ በ2020 ባወጣችው ሕግ ፖሊሷ ከአይስ ጋር የሚያደርገው ትብብር በጣም የተገደበ ነበር። በኦገስት 2025 ግን ፕሬዝዳንት ትራምፕ የከተማዋን ፖሊስ ለ30 ቀን በእጃቸው አስገቡ። በዚያው ሳምንት የፖሊስ አዛዥዋ ፓሜላ ስሚዝ ትእዛዝ አወጡ፦ ፖሊስ መንገድ ላይ ስላስቆመው ሰው ለአይስ መረጃ መስጠት ይችላል ተባለ። ዋሽንግተን ይሄም አልበቃ ብሎ፣ የፌዴራሉ ጠቅላይ አቃቤ ሕግ ፓም ቦንዲ በዚያው ምሽት ሌላ ሰው «የድንገተኛ ጊዜ ፖሊስ ኮሚሽነር» አድርገው ሾሙ። ከተማዋ በማግስቱ ፍርድ ቤት ሄደች። አዛዥዋ በቦታቸው ቆዩ፣ «ከአይስ ጋር ተባበሩ» የሚለው መመሪያ ግን አልተነሳም።

ልብ በሉ። የከተማው ምክር ቤት አዲስ ሕግ አላወጣም። አንድ አዛዥ አንድ ወረቀት ላይ ስለፈረመ ብቻ ኡበርና ዴሊቨሪ ለሚነዳ ሐበሻ «ትራፊክ አስቆመኝ» ማለት ትርጉሙ ተለወጠ። የአዛዡ ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ የሚለው ጉዳይ የኛም ነው የምለው ለዚህ ነው።

ስሚዝ በ2025 መጨረሻ ለቀዋል። እዚህ ከተማ የፖሊስ አዛዥን የሚያጨው ከንቲባው ነው፤ የሚያጸድቀው 13 አባላት ያሉት ምክር ቤት ነው። ከማጽደቁ በፊት ሕዝብ ቀርቦ አስተያየት የሚሰጥበት ስብሰባ አለ። ሀገር ቤት አዛዥ ሲሾም በዜና ነበር የምንሰማው። እዚህ ግን በሩ ክፍት ሆኖ እኛ ነን የማንገባው። እኔም ራሴ አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም!

ይሄን ሐሳብ ቡና ላይ ሳነሳ አንድ የማከብራቸው ጋሼ «ወንጀለኛው ይባረርልን እንጂ፣ ፖሊስ ከአይስ ጋር ቢሠራ እኛን ምን አገባን?» አሉኝ። ሱቃቸው ተዘርፏል፣ ንዴታቸው ይገባኛል። ግን ጋሼ፣ ሌባ የሚያዘው የተዘረፈው ሰው ሲናገር ነው። ያ ልጅ ዝም ሲል የተጠቀመው ሌባው ነው። ነገ የእርስዎን ሱቅ የሚሰብረውም እሱው ሊሆን ይችላል።

ሌላው ደሞ «አዛዡ ምን ያደርጋል? ዲሲ ክፍለ ሀገር አይደለችም፣ ኮንግረስ የፈለገውን ያደርጋል» አለ። እውነት ነው፣ የአዛዡ ሥልጣን ገደብ አለው። ግን በገደቡ ውስጥ የሚወስነው ብዙ ነው።

እኔ ለሚታጨው ሰው ሦስት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ትራፊክ ያስቆመኝ ፖሊስ ወረቀቴን ይጠይቀኛል? ሁለተኛ፣ ተዘርፌ ስደውል ስሜ ለአይስ ይተላለፋል? ሦስተኛ፣ ከፌዴራል መንግሥት ትእዛዝ ሲመጣ ለሕዝቡ በግልጽ ይነግሩናል ወይስ ከዜና ነው የምንሰማው?

እንግሊዝኛ አልችልም የምትሉ፣ በከተማዋ የ2004 የቋንቋ ሕግ መሠረት የመንግሥት ቢሮዎች አስተርጓሚ ከሚያቀርቡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ኬዛችሁ ያልተወሰነላችሁ ልጆች ግን እናንተ አደባባይ ውጡ አልልም። ወረቀት ያለን ሰዎች ነን ስለ እናንተ መናገር ያለብን።

«ተጠያቂነት» የሚለውን ቃል በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስንቴ እንደጻፍኩት ተማሪዎቼ ታውቃላችሁ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኛ ደሞ ካለመናገር የቀረብን ለፖሊስ መደወል ነው። ስብሰባው ሲጠራ እኔ እሄዳለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ኮሜንት ላይ ይጻፍልኝ። የማትስማሙም ጻፉ፣ እንነጋገር።