ክርክሩን የሰማ ሕዝብ ድምፁ የት ይደርሳል?

የጎጃም አዛውንት ስለ ጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት ሲያወጉ መጀመሪያ የሚያነሡት የተሟጋቹን አንደበት ነው፤ ነጠላውን አደግድጎ፣ ዘንጉን ጨብጦ፣ በዋርካ ጥላ ሥር ነገሩን በምሳሌ እያዋዛ የሚያፈስሰውን ሰው። ሙግቱ ግን ከአንደበት ያለፈ ሥርዓት ነበረው። አንዱ ሲናገር ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ዳኛውም ከመንገድ የተጠራ አላፊ አግዳሚ ቢሆን እንኳ ሁለቱን ሰምቶ ይፈርዳል። ጉልበተኛ ያጣመመው ፍርድ እንዳልጠፋ እናውቃለን። ሥርዓቱ የሚጠይቀው ግን እኩል መደመጥንና ከተደመጠው ነገር ጋር የሚመጣጠን ፍርድን ነበር።

የአሜሪካ የፕሬዚዳንት ዕጩዎች በቴሌቪዥን በተከራከሩ ቁጥር እዚህ በጎጃሟ አምበርም ወሬው ይደርሳል። «እነሱ ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ የእኛዎቹስ?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ከክርክሩ በኋላ የተሰጠው ድምፅ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ሁለቱን ለያይቶ ማየት ስህተት ነው ብለን እናምናለን።

ክርክር ኃይል እንዳለው አሜሪካኖች ደጋግመው አይተዋል። ሰኔ 20 ቀን 2016 ጆ ባይደን ከዶናልድ ትራምፕ ጋር ተከራከሩ፤ ወር ሳይሞላ ከውድድሩ ወጡ። ነገር ግን ወደ መድረኩ የሚያስገባው በር ጠባብ ነው። ክርክሩን ለብዙ ዓመታት ያዘጋጀው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በሕዝብ አስተያየት መመዘኛ 15 በመቶ ያላገኘ ዕጩ እንዳይገባ ደንግጎ ነበር። ሕዝብ ያልሰማውን ሰው ሕዝብ አልደገፈህም ብሎ መመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 መድረክ ያገኙት ሮስ ፔሮ ከመቶ 19 የሚጠጋ ድምፅ አመጡ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ከክርክሩ ውጭ ተደረጉ።

የፔሮ ነገር በዚህ አያበቃም። ከ19 ሚሊዮን በላይ ሰው መርጧቸው ፕሬዚዳንቱን ከሚመርጡት 538 የግዛት ወኪሎች አንድም አላገኙም። በ48 ግዛቶች በጥቂት ድምፅም ቢሆን የቀደመ ዕጩ የግዛቱን ወኪሎች ሁሉ ጠቅልሎ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 አል ጎር፣ በ2016 ደግሞ ሂላሪ ክሊንተን በጠቅላላው ሕዝብ ድምፅ በልጠው ተሸነፉ። ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ ወገኖቻችንም እዚያ ይመርጣሉ። በጆርጂያ ክላርክስተን የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ እ.ኤ.አ. በ2020 የሰጠው ድምፅ ግዛቱ በ11,779 ድምፅ ብቻ በተወሰነበት ምርጫ ገብቷል። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድሙ ግን ውጤቱ ቀድሞ በሚታወቅ ግዛት ይመርጣል። ዜግነታቸው አንድ፣ የድምፃቸው ክብደት ግን ለየቅል ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከግንቦት 7 ቀን 1997 ምርጫ በፊት የነበሩትን ሳምንታት ያየ ሰው አይረሳቸውም። በየሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ተከብቦ፣ ሬዲዮ ጆሮ ላይ ተለጥፎ፣ ከገዥው ኢሕአዴግ እነ አቶ በረከት ስምዖን በአንድ ወገን፣ እነ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ፣ አቶ ልደቱ አያሌውና ዶክተር መረራ ጉዲና በተቃዋሚው ወገን ሲሟገቱ አገር ሰማ። መሬት የመንግሥት ይሁን ወይስ የገበሬው? ይህ ጥያቄ ጤፍና ስንዴ አምርቶ ለሚያድር ገበሬ ከዕለት ኑሮው የተለየ ነገር አልነበረም። ያን ጊዜ ሹም ሲጠየቅና መልስ ሲያጥረው በዓይናችን አየን። የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያን የመሰለ የአደባባይ ሙግት አላየንም፤ ማጣታችንም ጎድቶናል።

ሕዝቡ ሰምቶ ፈረደ። ተቃዋሚው ቅንጅት በአዲስ አበባ 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱን አሸነፈ። በአገር ደረጃም ተቃዋሚዎች ከ547 መቀመጫ ከ170 በላይ አገኙ። ከዚያ በኋላ ውጤቱ አወዛገበ፤ መንገዱ ደም ሆነ። በምክር ቤቱ ውሳኔ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዝግቧል። እነዚህን ሰዎች ሳያስታውሱ ስለ ምርጫ ፍትሐዊነት መጻፍ አይገባም።

ቀጥሎ የመጣው ጠቅልሎ መውሰድ ነው። በ2002 የክርክሩ የአየር ሰዓት ሲደለደል በምክር ቤት የተያዘ መቀመጫ ብዛት ሚዛኑን አዘነበለው። ቀድሞ የገባ የበለጠ ይናገር የሚለው ይህ ስሌት የአሜሪካኑን በር ያስታውሰናል። ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ። በ2007 አንድም አልቀረም። በ2013 ገዥው ብልጽግና ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን አሸነፈ፤ ከተቃዋሚዎች አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ። ይህን ሁሉ በአቆጣጠሩ ላይ ብቻ አናላክክም፤ እስሩም፣ ጫናውም፣ የተቃዋሚዎች መከፋፈልም ድርሻ አለው። አቆጣጠሩ ግን የራሱን ጉዳት ያደርሳል። በአንድ የምርጫ ክልል አራት ዕጩዎች 34፣ 31፣ 20 እና 15 ድምፅ ቢያገኙ 34 ያገኘው ይገባል። የ66ቱ ሰው ድምፅ ምክር ቤት ደጃፍ አይደርስም።

ስለዚህ ቅይጥ ሥርዓት ያስፈልጋል እንላለን። መራጩ በአንድ ወረቀት የአካባቢውን ሰው፣ በሌላው ደግሞ ፓርቲውን ይምረጥ፤ ፓርቲዎችም በጠቅላላ ድምፃቸው ልክ መቀመጫ ይሙሉ። ጀርመን በዚህ መንገድ አሥርት ዓመታትን ኖራለች። ጥምር መንግሥት ይንገዳገዳል የሚለውን ስጋት አንንቅም፤ የፓርቲ ዝርዝር የአለቆች መጠቀሚያ እንዳይሆን መፍራትም ልክ ነው። ሆኖም ከምክር ቤት የተገለለ ድምፅ የትም አይሄድም፤ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። እኛ በአማራ ክልል የምንኖር ሰዎች ይህን ከሐምሌ 2015 ወዲህ ባየነው የጦርነት መከራ አውቀነዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 አብላጫ ድምፅን ስላሰፈረ ለውጡ በአንቀጽ 105 የተቀመጠውን የማሻሻያ ደረጃ ማለፍ አለበት። ከባድ ነው። በ2014 ለተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽንም ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ ጥቂት ነው።

ክርክሩን በተመለከተ ሕገ መንግሥት መንካት አያስፈልግም። የአየር ሰዓት ለተወዳዳሪ ሁሉ እኩል ይከፈል። ገዥው ፓርቲ መቅረት እንዳይችል በሕግ ይገደድ፤ ቢቀር ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይታይ፣ ክርክሩም ይቀጥል። ሙግቱም ከአዲስ አበባ ስቱዲዮ ይውጣ። ተኩስ በሚሰማበት ቀበሌ ይህ እንደማይሆን እናውቃለን፤ ሰላም የምንጠይቅበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

አምበርን እንወክላለን ብለው የሚቀርቡ ዕጩዎች፣ የገዥው ፓርቲም የሌላውም፣ በገበያ ቀን እዚሁ አንድ መድረክ ላይ ይቁሙ። ተራቸው እኩል ይሁን፤ ጠያቂው ገበሬው፣ መምህሩ፣ ነጋዴው ይሁን። በ2015 ክረምት መግቢያ ማዳበሪያ የጠፋው ለምን ነበር? የተዘጋው ትምህርት ቤት መቼ ይከፈታል? ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሰላም የምንጓዘው መቼ ነው? መልሱን በዚያው አደባባይ፣ በአማርኛ፣ ተቀናቃኛቸው አጠገባቸው ቆሞ እየሰማ ይስጡ።