የልጃችን አከርካሪ ጥቂት ቢጣመም

በዚህ ወር የምንመልሰው ከቆቃ የመጣ ጥያቄ ነው። የ12 ዓመት ልጃቸው አዳማ ራጅ ተነሥታ፣ አከርካሪዋ ወደ ጎን 14 ዲግሪ መጣመሙ የተነገራቸው እናት “ባለቤቴ ከእናንተ ዘር የመጣ ነው ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ውሃ ስላስቀዳኋት ነው እያልኩ እጸጸታለሁ። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋት ይሆን?” ሲሉ ጽፈውልናል።

እህታችን፣ ውሃ መቅዳትም ሆነ ከባድ ቦርሳ ይህን አያመጣም። ሐኪሞች ስኮሊዮሲስ ይሉታል፤ በአብዛኞቹ ልጆች መንስኤው አይታወቅም። በቤተሰብ ውስጥ መደጋገሙ እውነት ነው፤ ነገር ግን በአባትም በእናትም ወገን ሊመጣ ይችላልና ባልና ሚስት ስለዚህ መካሰሳቸው ለልጅቱ አንዳች አይጠቅማትም። የስምጥ ሸለቆውን ውሃ የሚጠረጥሩም አሉ። በወንጂ ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ ለብዙ ዓመታት የጠጡ ሠራተኞች አከርካሪያቸው መድረቁ በጥናት ታውቋል። ያ ግን በዕድሜ ብዛት አዋቂዎችን የሚይዝ ሌላ በሽታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግሪክ ውስጥ ከ85 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተመርምረው፣ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ መጣመም ከተገኘባቸው መካከል 839ኙ በአማካይ ከ3 ዓመት በላይ ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። የባሰባቸው ከመቶ 15 ያህሉ ብቻ ናቸው። ከመቶ 27ቱ ያለ ምንም ሕክምና 5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ተሻሻሉ፤ 80 ልጆች ደግሞ ፈጽሞ ቀና አሉ! ስለዚህ 14 ዲግሪ የቀዶ ጥገና ወሬ የሚያስነሣ አይደለም።

ሆኖም መጠበቅ ማለት መርሳት አይደለም። አከርካሪ በብዛት የሚጣመመው ልጅ በፍጥነት በሚያድግበት ጊዜ ነው። የወር አበባ ያላየች ልጅ ካየችው ይልቅ ልትከታተሏት ይገባል። እድገቷ እስኪያበቃ በየስድስት ወሩ ገደማ ለሐኪም አሳዩአት። ከ14 ወደ 17 ቢል አትደንግጡ፤ የራጅ ልኬት ራሱ እስከ 5 ዲግሪ ሊለያይ ይችላል። እያደገች ሳለ 25 ካለፈ ግን በቀን ለብዙ ሰዓት የሚታሰር የጀርባ ደጋፊ ሊታዘዝላት ይችላል። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደጋፊው ብዙዎችን ከቀዶ ጥገና እንዳዳነ አሳይቷል።

በቤትም እግሮቿን ገጥማ፣ እጆቿን ወደ ታች ለቅቃ ታጎንብስ፤ ከኋላ ሆናችሁ የአንድ ወገን ጎድን ከፍ ማለቱን እዩ። ጀርባ ወደ ኋላ ሹል ሆኖ ከወጣ፣ ሕመም፣ ትኩሳት፣ መክሳት ወይም የእግር መዛል ካለበት ግን የአከርካሪ ነቀርሳ ሊሆን ይችላልና በዚያው ሳምንት ሐኪም ቤት ሂዱ። ወጌሻ እንዲጫነው ከቶ አትፍቀዱ። አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆደስ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአዲስ አበባ ከተቀበሏቸው ልጆች ብዙዎቹ እጅግ ዘግይተው የመጡ ነበሩ፤ በርካቶችም ጋና ድረስ ሄደው በዶክተር ኦሄነባ ቦአቺ አጄይ ቡድን ከባድ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አባትም አብረው ቢሄዱ መልካም ነው። የመጀመሪያውንም ራጅ ሳይታጠፍ አስቀምጡት፤ ሐኪሙ አዲሱን የሚያስተያየው ከእርሱ ጋር ነው።