ሰንጢ ሲገዙ

ሰንጢ የሚለው ቃል በአገራችን ስሙ የጎደፈ ቃል ነው። ሰው ሲሰማው ወዲያው ወደ ሐሳቡ የሚመጣው ኪስ አውላቂና የመጠጥ ቤት ጠብ ነው። አንድ ጨዋ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ በምሳ ሰዓት ከኪሱ ሰንጢ ቢያወጣ፣ ብርቱካን ሊልጥበት መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ወንበሩን ሸሸት ማድረጉ አይቀርም። ዳሩ ግን ይህ ትንሽ ዕቃ ከጥንት ጀምሮ የጸሐፊና የተማሪ ዕቃ ነበረ ብል አንባቢዬ ይደነቁ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዞች ትንሹን የኪስ ሰንጢ እስከ ዛሬ ድረስ «የብዕር ቢላዋ» ብለው ይጠሩታል። የብረት ብዕር ከመምጣቱ በፊት ጸሐፊ ሁሉ የሚጽፈው በወፍ ላባ ስለ ነበረ፣ ላባው በደነዘ ቁጥር ጫፉን የሚቀርጽበት ስለት ከጎኑ አይለይም ነበር። በእኛም አገር የብራና ጸሐፊ መቃውን ቆርጦ፣ ጫፉን አሹሎና ሰንጥቆ ብዕር የሚያደርገው በስለት ነው፤ የተሳሳተውንም ፊደል ከብራናው ላይ ፍቆ የሚያነሣው በስለት ነው። እንግዲህ ስለትና ጽሕፈት የቆየ ዝምድና አላቸውና፣ ተማሪና ጸሐፊ ሰንጢ ቢይዙ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ሰንጢ አለመያዝ ደግሞ የራሱ ጉዳት አለው። መምህር እንደ መሆኔ መጠን ይህን በየዓመቱ አያለሁ። ተማሪው እርሳሱን የሚቀርጽበት ሲያጣ ምላጭ ለሁለት ይሰብርና ግማሹን በደብተሩ ገጾች መካከል ያስቀምጣል። ምላጭ እጀታ የለውም፤ ይለመጣል፤ ሲሰበርም የት እንደሚፈናጠር አይታወቅም። ደብተሩን ለመዋስ የከፈተው ጓደኛ ጣቱን ይዞ ይነሣል። የመሥሪያ ቤቱም ሠራተኛ ቢሆን እሽጉን በቁልፍ ይቦጭቃል፤ የሣርዲን ቆርቆሮውን በሹካ ይወጋል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦውን በጥርሱ ይልጣል። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄ ሰንጢ ይያዝ ወይስ አይያዝ የሚል አይደለም። ደመወዙ ገና ትንሽ የሆነ ሰው፣ በሚችለው ገንዘብ፣ ጣቱን የማይቆርጥ ሰንጢ እንዴት አድርጎ ይምረጥ የሚል ነው።

በመጀመሪያ ሥራዎን ይቁጠሩ። ባለፈው ሳምንት ስለት ያስፈለገዎት ለምን ነበር? እርሳስ ለመቅረጽ፣ ሲባጎ ለመቁረጥ፣ ፖስታ ለመክፈት፣ ብርቱካን ለመላጥ፣ የወይራ መፋቂያ ጫፍ ለማስተካከል፣ ዳቦ ለመቁረስ ይሆናል። ለዚህ ሁሉ ከስድስት እስከ ስምንት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ስለት ይበቃል። ከዚያ የሚያንሰው ብርቱካኑን ዞሮ አይጨርስም፤ ከዚያ የሚበልጠው ኪስ ይቀዳል፣ ሰውም ያስፈራል። «ለጥሬ ሥጋስ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለጥሬ ሥጋ ሥጋ ቤቱ ራሱ የተሳለ ቢላዋ ያቀርባልና፣ ለእሱ ብለው ገንዘብዎን አያባክኑ።

ሁለተኛው ነገር የሚከፍሉት ገንዘብ የት እንደሚገባ ማወቅ ነው። የታጣፊ ሰንጢ ጥቅም ያለው በሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ ስለቱ የተሠራበት ብረት፣ ሁለተኛው ስለቱ ከእጀታው ጋር የሚገናኝበት መታጠፊያ ነው። የቀረው፣ ማለትም የሚያብረቀርቅ ቀለም፣ የንስር ሥዕል፣ የዘንዶ ቅርጽ፣ በጣት ሲነኩት ተፈናጥሮ የሚከፈት ሞላ፣ ሁሉም ጌጥ ነው። በርካሽ ሰንጢ ላይ ጌጥ በበዛ ቁጥር ገንዘቡ ከብረቱና ከመታጠፊያው ተቀንሶ እንደ ሄደ ይጠርጥሩ።

ጥሩ ሰንጢ ውድ መሆን እንደሌለበት የሚያሳዩ ሁለት ታዋቂ ምሳሌዎች አሉ። በፈረንሳይ አገር በሳቮዋ ተራሮች ዮሴፍ ኦፒኔል የተባለ የአንጥረኛ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1890 ለገበሬዎች የሚሆን ሰንጢ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1897 ከ1 እስከ 12 በሚደርስ ቁጥር በልክ በልኩ አወጣው። ሰንጢው የእንጨት እጀታ፣ ስለት፣ ችንካርና የብረት አንገት ብቻ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ የተከፈተው ስለት መልሶ እንዳይታጠፍ የሚከለክል ተሽከርካሪ ቀለበት ተጨመረለት። እስከ ዛሬም በእነዚሁ አምስት ክፍሎች ይሠራል። ብዙ የሚፈለገው ቁጥር 8 ሲሆን፣ ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የሚበላሽ ነገር ስለ ሌለው ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። ጉድለቱ እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱ አልወጣ ማለቱ ነው፤ ሲደርቅ ግን ይመለሳል።

ሁለተኛው ምሳሌ የስዊስ ሰንጢ ነው። ካርል ኤልስነር የተባለ የኢባህ መንደር ቢላዋ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1891 ለአገሩ ጦር ሠራዊት ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። የወታደሩ ሰንጢ አራት ነገር ብቻ ነበረው፤ ስለት፣ ጠመንጃ የሚፈታበት ካቻቢቴ፣ የቆርቆሮ መክፈቻና ወስፌ። ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቀው ባለ ቡሽ መንቀያው የመኮንኖች ሰንጢ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ልብ ይበሉ፤ ወታደሩ እንኳ በአራት ነገር ተብቃቅቷል። ሃያ ዓይነት መሣሪያ የያዘ ወፍራም ሰንጢ በሱቅ መስኮት ያምራል፤ በኪስ ውስጥ ግን እንደ ድንጋይ ይከብድና በሦስተኛው ሳምንት በመሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በመሳቢያ የተቀመጠ ሰንጢ ደግሞ፣ ምንም ያህል በርካሽ ቢገዛ፣ ውድ ነው። በአንድ መኝታ ቤት ከጓደኞቹ ጋር ለሚኖር ተማሪ ግን የቆርቆሮ መክፈቻና አንድ ካቻቢቴ ያለው ቢሆን ገንዘቡን ያወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ እሱም ጣት ነው። ታጣፊ ሰንጢ በአዘጋጉ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በእጀታው ጀርባ ያለ ሞላ ስለቱን ተጭኖ የሚይዘው ነው። ይህ ስለቱን ደገፍ ያደርገዋል እንጂ አይቆልፈውም፤ በርትተው ወደ ጀርባው ከገፉት ይታጠፋል። ሁለተኛው ቀለበት ወይም መቀርቀሪያ ያለው ነው፤ ያ ካልተነሣ አይታጠፍም። ለመላጥና ለመቁረጥ ባለ ሞላው ይበቃል፤ ጫፉን ተጭነው የሚሠሩት ሥራ ካለዎት ግን ባለ መቆለፊያውን ይምረጡ። ከሁሉ የሚከፋው የተልከሰከሰ መቆለፊያ ያለው ርካሽ ሰንጢ ነው። መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ ሰውን ጠንቃቃ ያደርገዋል፤ የውሸት መቆለፊያ ያለው ግን አሳምኖ ይቆርጠዋል። ስለዚህ በሁለቱም ቢሆን አንድ ደንብ ይያዙ፤ በስለቱ ጎትተው ይቁረጡ እንጂ በጫፉ አይውጉ፣ እንደ መፈልፈያም አድርገው አይጠምዝዙ።

ስለ ብረቱም ጥቂት ቃል ልጨምር። አንዱ ዓይነት ተራ የካርቦን ብረት ነው፤ በቀላሉ ይሳላል፣ ነገር ግን ይዝጋል፤ ብርቱካንና ሎሚ ሲነካውም ይጠቁራል። ጥቁረቱ ጉዳት የለውም፤ ቀዩ ዝገት ግን ብረቱን ይበላዋል። ሁለተኛው የማይዝግ የሚባለው ብረት ነው። የሼፊልዱ እንግሊዛዊ ሃሪ ብሬርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 እንዲህ ያለውን ብረት ካቀለጠ ወዲህ ነው ወደ ገበታችን የመጣው። በውስጡ ቢያንስ ከመቶ 10.5 እጅ ክሮም የተባለው ማዕድን ይገኛል። የማይዝግ ማለት ቶሎ የማይዝግ ማለት ነው እንጂ ከቶ አይዝግም ማለት አይደለም። ደግሞም በስለቱ ላይ «ስቴንለስ» ወይም «ኢኖክስ» ተብሎ መጻፉ ስለ ጥንካሬው ምንም አይናገርም፤ ለማንኪያ የሚሆነው ለስላሳ ብረትም በዚሁ ስም ይጠራል። ሰንጢውን ከላብ ጋር በኪሱ ለሚይዝና ዘይት መቀባት ለሚሰለቸው ሰው የማይዝገው ይሻላል፤ ዕቃውን መንከባከብ ለሚወድ ሰው የካርቦኑ ይመቸዋል።

እንግዲህ ወደ ሱቅ ገቡ እንበል። ነጋዴው ሲያሞጋግስ እርስዎ ዝም ብለው የሚከተለውን ይፈትሹ።

አንደኛ፣ ስለቱን ቀስ ብለው ይክፈቱት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል ጥንካሬ ሊከፈት ይገባል። ጥፍር የሚሰብር ከሆነ ይለፉት፤ ወደ ታች ሲይዙት በራሱ የሚወድቅ ከሆነም ይለፉት።

ሁለተኛ፣ ከፍተው በጣትዎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንቀጥቅጡት። ገና በሱቅ ውስጥ የሚወዛወዝ ስለት ከወር በኋላ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛ፣ ባለ መቆለፊያ ከሆነ ቆልፈው የስለቱን ጀርባ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቀስ አድርገው ይጫኑት፤ ጣትዎን ግን ከስለቱ መንገድ ያርቁ። መቆለፊያው ከለቀቀ ሰንጢውን በትሕትና ይመልሱ።

አራተኛ፣ ዘግተው መሐረብ ያንሸራቱበት። ጫፉ ወይም ስለቱ ብቅ ብሎ መሐረቡን ከያዘ፣ ነገ ኪስዎን፣ ከነገ ወዲያ ጣትዎን ይይዛል።

አምስተኛ፣ እጀታውን ይጨብጡት። ቢያንስ ሦስት ጣት ተደላድሎ ሊያርፍበት ይገባል። ችንካሮቹም በእጀታው ልክ የተስተካከሉ ይሁኑ፤ እጅ የሚቧጭር ችንካር የቸኮለ ሠሪ ምልክት ነው።

በመጨረሻ የወረቀት ጠርዝ ይቁረጡበት። አዲስ ሰንጢ ባይቆርጥ ግን አይደንግጡ፤ ስለት በቤት ይወጣል፣ የተበላሸ መታጠፊያ ግን በቤት አይቃናም። ሁለት ሰንጢ ቀርቦልዎ አንዱ የተሳለ ግን የሚወዛወዝ፣ ሌላው የደነዘ ግን የጠበቀ ቢሆን፣ የደነዘውን ይግዙ።

የገዙትን ሰንጢ ስለት መጠበቅ የእርስዎ ፈንታ ነው። ብዙ ሰው የተሳለ ሰንጢ አደገኛ ነው ይላል፤ እውነቱ ግን የደነዘው ይብሳል። የተሳለው በቀላል ግፊት ይቆርጣል፤ የደነዘው በርትተው ሲጫኑት ያዳልጥና ወደ ሌላው እጅ ይሄዳል። ለመሳል ለስላሳ የመሳያ ድንጋይና ጥቂት ውሃ ይበቃል። የስለቱ ስፋት ሁለት ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ጀርባውን ከድንጋዩ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው፣ ከድንጋዩ ላይ ስስ ሽፋን እንደሚያነሣ ሰው ወደ ስለቱ አቅጣጫ ይግፉት፤ አንዴ በዚህ ጎን፣ አንዴ በዚያ ጎን። ድንጋይ ካጡ የቡና ሲኒ ይገልብጡ፤ ከሥሩ ያለው ያልተቀባ ሸካራ ቀለበት ስለቱን መለስ ያደርገዋል። በሞተር በሚሽከረከር ድንጋይ ለሚስል ሰው ግን አይስጡ፤ ብረቱ ሲግል ጥንካሬውን ያጣል፣ ጠርዙ ሰማያዊ ሆኖ ካዩትም ያ ቦታ ሞቷል። ፍሬ ከቆረጡበት በኋላ ጠርገው ይዝጉት፤ አልፎ አልፎም በመታጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ያድርጉ።

ስለ ምግባሩም ሳልናገር አላልፍም፤ የሰንጢን ስም ያጎደፈው የያዦቹ ጠባይ ነውና። በክርክር መካከል ሰንጢ አይነካም። ለሌላ ሰው ሲሰጥ ተዘግቶ ነው። ለመጫወቻ እየከፈቱ መዝጋት የሕፃን ሥራ ነው። ፍተሻ ወዳለበት ቦታ፣ ወደ ፍርድ ቤትም ሆነ ወደ ስታዲየም፣ ሲሄዱ በቤትዎ ይተዉት። በአውሮፕላን ሲሄዱ ከሻንጣው ጋር እንዲጫን ይስጡት እንጂ በእጅ ቦርሳ ይዘው አይግቡ፤ በሩ ላይ ይወሰድብዎታል። ለትምህርት ወደ ባሕር ማዶ የሚሄዱ ደግሞ የአገሩን ሕግ አስቀድመው ይጠይቁ። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ የሚቻለው ስለቱ ከሦስት ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ መቆለፊያም የሌለው ታጣፊ ሰንጢ ብቻ ነው። ቀደም ብዬ ያመሰገንሁት የኦፒኔል ቁጥር 8 እዚያ በሁለቱም በኩል ይወድቃል።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ነገሩን ባጭሩ ልቋጨው። አንድ ስለት ያለው፣ መታጠፊያው የማይወዛወዝ፣ ሲዘጋ ጫፉ የተሰወረ፣ ሲወጣም ጎረቤትዎን የማያስደነግጥ ሰንጢ ይምረጡ። ምላጩን ከደብተር ውስጥ አውጥተው ይጣሉት፤ ሲጥሉትም በወረቀት ይጠቅልሉት፣ ጥራጊ የሚሰበስበውም ሰው ጣት አለውና።

በሚመጣው ሳምንት ስለ ጃንጥላ እንነጋገራለን።