«ዳሽ ኤም በለውና እለፍ»

ጊት ኮሚት ስትሉ ኤዲተሩ አልከፈት ብሏችሁ ያውቃል? ጊት ራሱ «ኤዲተሩ ችግር አለበት፣ መልእክቱን በዳሽ ኤም ስጠኝ» ይላል። ሲኒየሩም ያንኑ ይደግማል፦ «ዳሽ ኤም በለውና እለፍ።»

እኔ ይህን ምክር ጠልቼዋለሁ። አምና የክፍያ ስሌት ውስጥ አንዲት መስመር ለምን እንደተቀየረች ስፈልግ ሁለት ቀን ፈጀሁ። ጊት ብሌም ያሳየኝ መልእክት አንድ ቃል ነው፤ «ፊክስ»። ማን ጻፈው? እኔው! ኤዲተሬ እምቢ ባለኝ ሰሞን በዳሽ ኤም የወረወርኳት ናት።

የሚያናድደው ነገሩ ቀላል መሆኑ ነው። ጊት መጀመሪያ «ጊት ኤዲተር» የሚባለውን ቫሪያብል ያያል፤ ቀጥሎ ኮንፊግ ውስጥ «ኮር ዶት ኤዲተር»ን፣ ከዚያ «ቪዡዋል»ን፣ ከዚያ «ኤዲተር»ን። ሁሉም ባዶ ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ቪአይን ይጠራል። ቪአይ ያልተጫነበት ኮንቴይነር ውስጥ ከሆናችሁ በቃ፣ አለቀ። ቪኤስ ኮድ ደግሞ «ዌይት» የምትለዋ አማራጭ ካልተጨመረችለት ወዲያው ይመለሳል፤ ጊት ጽፋችሁ የጨረሳችሁ ይመስለውና መልእክቱ ባዶ ነው ብሎ ኮሚቱን ይተወዋል። እናንተ ገና መጻፍ አልጀመራችሁም እኮ።

«ጊዜ የለንም» ይሉኛል። አንድ መስመር ኮንፊግ ስንት ሰዓት ይፈጃል? የኔን ሁለት ቀንስ ማን ይመልስልኛል?

አሁን አዲስ ልጅ ቡድናችን ሲገባ፣ ኮዱን ሳላሳየው በፊት «ጊት ቫር ጊት ኤዲተር» አስጽፌው የቱ ኤዲተር እንደሚጠራ አብረን እናያለን። ሲኒየሩ ይስቅብናል።