ጅብ ከሄደ እንዳንጮህ

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን አዲስ አበባ በጭስ ትታፈናለች። ከየግቢው የተጠረገው ቆሻሻ በየደጃፉ ይቃጠላል፤ ጭሱ ዓይናቸውን ከሚቆጠቁጣቸው መካከል ግን የልማዱን መነሻ ልብ የሚሉት ጥቂቶች ናቸው። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ፣ ዓለም «የስፔን ጉንፋን» ያለው ወረርሽኝ፣ በመዲናይቱ ብቻ 10 ሺህ ገደማ ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር። ሐኪሙ በጣት የሚቆጠር፣ አስታማሚውም ራሱ የወደቀ በመሆኑ፣ ቀባሪ ያጣው ሬሳ የጅብ ሲሳይ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ረጅም መንገድ ተጉዘናል፤ ይህን መካድ ንፉግነት ይሆናል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን አሠልጥኖ በየቀበሌው አሰማርቷል። በጥር 2012 ዓ.ም. በኮሮና የተጠረጠሩ ሰዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር፤ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ ሲከሰት ግን በሽታውን ለይቶ ያረጋገጠው የራሳችን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ነው።

ሆኖም ላቦራቶሪ የሚመረምረው የተላከለትን ናሙና ብቻ ነው። ላኪውስ ማን ነው? ከወትሮው የወባ ትኩሳት የተለየ ነገር መኖሩን የሚጠረጥር፣ በአንድ የወረዳ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ የሆነ ነርስ ወይም ጠቅላላ ሐኪም ነው። በጂንካ በቫይረሱ ከተያዙት መካከል የጤና ባለሙያዎች መገኘታቸው የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ ወረርሽኝ ከማንም አስቀድሞ የሚነካው የእነርሱን እጅ ነው።

ይህን እጅ እንዴት ይዘነዋል? በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ የ5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውል አብሮ ተቋረጠ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ባለሙያዎች ደመወዛቸው ከኑሮ ውድነቱ ጋር እንዳልተመጣጠነ ገልጸው ሥራ ሲያቆሙ፣ ከመካከላቸው ለእስር የተዳረጉ ነበሩ። ሥራ ማቆም ሕመምተኛውን ይጎዳል የሚለው ክርክር እውነትነት አለው፤ ይህ ጸሐፊም አይክደውም። ዳሩ ግን የቤት ኪራዩን መክፈል ያቃተው ሐኪም ሥራ ለቆ ሲሄድ፣ ከዚያም ሲሰደድ፣ የሚጎዳው ያው ሕመምተኛ ነው። የተሰደደውም በወረርሽኝ ማግሥት በአንድ ጥሪ አይመለስም።

ከሁሉም በላይ አንድ ጥያቄ ያሳስበኛል። «ደመወዜ አልበቃኝም» ማለት የሚያስፈራው ባለሙያ፣ «የማላውቀው በሽታ ገብቷል» ለማለት እንደምን ይደፍራል? የወረርሽኝ ማስጠንቀቂያ ሁልጊዜም መጥፎ ዜና ነው። መጥፎ ዜና የሚያመጣ ሰው በሚቀጣበት ቤት ዜናው ይዘገያል፤ በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ የአንድ ሳምንት መዘግየት በሰው ሕይወት ይከፈላል።

ስለዚህ ዝግጅታችን በተመረቁ ሕንፃዎችና በተገዙ መሣሪያዎች ብዛት ብቻ ሊለካ አይገባም። የጤና ሠራተኛው ደመወዝ በለጋሽ ፈቃድ ላይ ሳይንጠለጠል ከአገር በጀት ይከፈል። ጓንትና መከላከያ ልብስ በአዘቦቱ ቀን በወረዳው ይገኝ። ባለሙያውም ያየውን ያለ ስጋት የሚናገርበት፣ ስለ መብቱም የሚደራደርበት መንገድ ይከፈት። የአፍሪካ መሪዎች በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተው ነበር፤ አብዛኞቹ ዛሬም አልደረሱበትም። ቃሉን ማስታወስ የእኛ የዜጎች ድርሻ ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ያገራችን ሰው። በ1911 ዓ.ም. ጅቡ በተረት አልመጣም፤ ደጃፋችን ድረስ ዘልቆ ነበር። በሚቀጥለው ኅዳር ቆሻሻውን ስናቃጥል፣ በዚያች ሌሊት ተረኛ የሆነችውን ነርስ እናስታውስ።