ከቀለሙ በፊት ፍሬኑ



እንደሚታወቀው በሰፈራችን መንገድ ዳር ቆመው የቀሩ ሁለት አሮጌ ቮልስዋገኖች አሉ። አንደኛዋ ከወፍጮ ቤቱ አጥር ሥር፣ ሁለተኛዋ ከቧንቧው ፊት ለፊት ትገኛለች። ባለፈው ወር በተደረገው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ አንዳንዶች «እነዚህ ብረቶች ለቆራሌው ተሸጠው መንገዱ ይጽዳልን» ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ «የአባታችን ንብረት ናት፣ እናድሳታለን» በማለት ተከራክረዋል። ነገሩ ሳይቋጭ ለሚቀጥለው ስብሰባ ስለተላለፈ፣ እኛም በበኩላችን ያለንን አስተያየት በዚህ ሰሌዳ ላይ ለማስፈር ወደድን።

በቅድሚያ «ይነሱ» የሚሉትን ወገኖች ሥጋት አቅልለን አንመለከተውም። ባለፈው ዓመት የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። አንድ ሌላ ቮልስ ታድሳ ወጣች ተባለ። ቀይ ቀለሟ ከሩቅ ያበራል፤ ልጆች ከበው መልካቸውን ያዩባታል፤ እኛም አጨብጭበን ነበር። ወር ሳይሞላ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ አለ። ነጂው ከድንጋዩ ካብ ጋር አስታክኮ አቆማት እንጂ፣ ከታች እኮ ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር! በኋላ ሲመረመር ገንዘቡ ሁሉ ያለቀው በስቱኮና በቀለም ነው። የፍሬኑ ቱቦ የድሮው ነው፤ ወለሉም ተበልቶ ምንጣፍ ለብሷል። የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ ማለት ይኼ ነው።

እንግዲህ ጥፋተኛው ማን ነው? የመኪናዋ እርጅና ነው እንዳንል፣ ቮልስን የመሰለ ለመጠገን የሚመች መኪና ጥቂት ነው። ፋብሪካዎቹ ከ21 ሚሊዮን በላይ ሠርተው፣ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው፤ ሁለት ሰውና አንድ ክሪክ ካለ ይወርዳል። ዕቃዋንም ሶማሌ ተራ ዞር ዞር ብሎ መፈለግ ነው። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ጥፋቱ የቅደም ተከተል ነው። መጨረሻ መሠራት ያለበት ፊት ተሠራ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በትንሽ ገንዘብ ለማደስ ለሚያስብ ሁሉ ይህን እንመክራለን።

አንደኛ፣ አንድ ብሎን ከመፈታቱ በፊት ሊብሬው ይታይ። የሟች ስም ካለበት የወራሾቹ ጉዳይ ይለቅ። ወረቀት የሌላት መኪና ብትታደስም መንገድ አትወጣም፤ የወጣው ገንዘብ አጥር ሥር ቀረ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ምንጣፉ ተነሥቶ ወለሉ ይታይ። ቮልስ ባትሪዋ ከኋላው ወንበር ሥር ስለሆነ፣ አሲዱ እየፈሰሰ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚበላው እዚያው ያለውን ላሜራ ነው። ከበሮቹ ሥር ያለው የማሞቂያው አየር መሄጃም ከውስጥ ይዝጋል። እሱ ሲቆረጥ የበሩ ክፍተት አስቀድሞ በብረት ካልተወጠረ ካሮሴሪያው ይጎብጥና በሩ አልዘጋ ይላል። የተበየደው ቦታ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባ። ባትሪውም ክዳን ይኑረው፤ የወንበሩ ሽቦ ከባትሪው ራስ ጋር ሲነካካ እሳት ያስነሣል።

ሦስተኛ፣ ፍሬን። በድሮዎቹ ላይ የፍሬን ዘይቱ መሥመር አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ስለዚህ የጎማ ቱቦዎቹ በሙሉ በአዲስ ይለወጡ። «ገና ደህና ነው» የሚባል አሮጌ የፍሬን ቱቦ የለም።

አራተኛ፣ የቤንዚኑ ቱቦና ቺንጊያው። ቱቦው ከደረቀ ቤንዚኑ የጋለ ሞተር ላይ ነው የሚንጠባጠበው። ቺንጊያው ደግሞ ዲናሞውንም ማራገቢያውንም የሚያዞር ስለሆነ፣ ከተበጠሰ ሞተሩ የሚያቀዘቅዘው የለም። ቀዩ መብራት ከበራ «እስከ ቤት ልድረስ» ሳይሉ እዚያው ማቆም ነው። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት 2 ሊትር ተኩል ያህል ብቻ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይለወጥ። እነዚህ ሁሉ ርካሽ ናቸው፤ ሞተር ግን ርካሽ አይደለም።

ገንዘቡስ? ካለን አሥር ብር አራቱ ለወለልና ለብየዳ፣ ሦስቱ ለፍሬንና ለጎማ፣ ሁለቱ ለሞተርና ለኤሌክትሪክ ይሁን፤ የቀረችው አንዷ ላልታሰበ ነገር ትቀመጥ። ቀለሙስ? ቀለሙ ከመጪው ዓመት አሥር ብር ይምጣ። ዓመት ሙሉ በተለጣጠፈ መልክ መሄድ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው አጊጦ ካብ ላይ መውጣት ነው።

«ለምን ይደከማል?» ለሚሉም መልስ አለን። ከወፍጮ ቤቱ ሥር ያለችው ቮልስ ባለቤቷ በሕይወት ሳሉ በሌሊት ምጥ የያዛትን ስንቷን ሐኪም ቤት አድርሳለች። ከእኛ መካከል በእሷ ተጭኖ ሙሽራ የሆነ አለ። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተወስኗል። የኤሌክትሪኩን ለመግዛት ኪሱ የማይፈቅድለት ሰው ያለውን ቢጠግን ምን ነውር አለው? ልጆቻቸውም ቅዳሜ ቅዳሜ እጃቸውን ግሪስ ቢያስነኩ ሙያ ይማሩበታል።

ነገር ግን መብት ያለ ግዴታ አይሆንም። መንገድ ላይ ቆማ የምትታደስ መኪና የሁላችንንም መንገድ ይዛለች። ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን። ባለቤቶቹ አንድ ዓመት ይሰጣቸው። በሦስት ወር ውስጥ የወለሉ ሥራ ይጀመር፤ የተቃጠለ ዘይት ወደ ቦይ አይደፋ፤ ማታ መቀጥቀጥ ይቅር። በዓመቱ ምርመራ አልፋ ቦሎ ከለጠፈች እሰየው። ሦስት ወር አልፎ አንድ ላሜራ ካልተነካ ግን «ይነሱ» ያሉት ወገኖች ትክክል ነበሩ ማለት ነው፤ ያኔ እኛም ከእነሱ ጋር እንቆማለን።

በሰፈራችን በያጅ አለ፣ ጡረታ የወጡ መካኒክ አባት አሉ፣ ክሪክ ያለውም ሞልቷል። አንድ ቅዳሜ ብቅ ብሎ ማገዝ ማንንም አያደኸይም። እናንተ ደግሞ የምታድሱ ልጆች፣ ከዕለታት አንድ ቀን ቁልቁለቱን ስትወርዱ ከታች ኳስ የሚጫወቱት የእኛም የእናንተም ታናናሾች መሆናቸውን አትርሱ።

የማኅበሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ አዘጋጆች