የጦር መሣሪያ ሕጉና የምዕራብ ሸዋ ገበሬ፦ ጠመንጃውን ለሚያስመዘግብ ሰው ጥበቃው ከማን ይመጣል?

በምዕራብ ሸዋ ጠመንጃ በቤቱ ያለው ገበሬ በሁለት ስጋት መካከል ይኖራል። መሣሪያውን ቢያስረክብ፣ ሌሊት በረቱን የሚሰብር ዘራፊ ሲመጣ በምን እንደሚመክት ይጨነቃል። ቢያስቀምጠው ደግሞ በሕግ የሚያስጠይቀውና ታጣቂ የሚመኘው ንብረት ከጣሪያው ሥር መኖሩ እንቅልፍ ይነሣዋል። ከጊንጪ እስከ አምቦ፣ ከጉደር እስከ ጌዶና ባኮ ጥያቄው አንድ ነው፦ ሕጉ ከዜጋው ምን ይጠይቃል? በምላሹስ ምን ይሰጠዋል?

ለጥያቄው መነሻ የሚሆነው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ነው። በአዋጁ መሠረት ማንኛውም ሰው ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ፣ ማዘዋወር ወይም መሸጥ አይችልም። የቁጥጥሩ ዋና ኃላፊነት የፌዴራል ፖሊስ ነው። ሕጉን የሚተላለፍ ግለሰብ እስከ 3 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል፤ ድርጊቱ ብዛት ያለው መሣሪያን የሚመለከት ሲሆን ቅጣቱ ከ8 እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። ይሁን እንጂ አዋጁ ትጥቅ መያዝ የቆየ ልማድ የሆነባቸው አካባቢዎች መኖራቸውን ከግምት አስገብቷል።

ከአዋጁ በላይ ያለው ሕገ መንግሥትም መሣሪያ መያዝን የዜጋ መብት አድርጎ አልደነገገም። አንቀጽ 51 የመሣሪያ አያያዝን በሕግ የመወሰን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል፤ አንቀጽ 30 ደግሞ የመሰብሰብንና ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግን መብት ሲያረጋግጥ መሣሪያ አለመያዝን ቅድመ ሁኔታ አድርጓል። በ1791 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሁለተኛ ማሻሻያ መሣሪያ መያዝን በመብትነት ያሰፈረ በመሆኑ፣ የሁለቱ አገሮች መነሻ የተለያየ ነው። በኢትዮጵያ ጠመንጃ የሚያዘው በፈቃድ ነው፤ ፈቃድ ደግሞ ሊሰጥም ሊነጠቅም ይችላል።

ሕጉ ይህን ቢልም፣ ጠመንጃ በዚህ ምድር ያለው ትርጉም ከብረትና ከጥይት ያለፈ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን ጃገማ ኬሎ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በጊንጪና በጅባት አካባቢ ተዋግቷል፤ የዚያ ዘመን አርበኞችም ከጠላት በማረኩት መሣሪያ ታጥቀዋል። ከአያት የተወረሰ ምንሽር ወይም ውጅግራ በግድግዳ ላይ ሲሰቀል የቤተሰቡ ክብር ምስክር ተደርጎ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለውን ቅርስ «ሕገ ወጥ መሣሪያ» ብሎ ብቻ መጥራት፣ ባለቤቱ ከመዝጋቢው እንዲሸሽ እንጂ እንዲቀርብ አያደርገውም።

ከክብሩ የሚብሰው ግን የዛሬው አደጋ ነው። መንግሥት «ሸኔ» በሚለውና ራሱን የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ብሎ በሚጠራው ቡድንና በመንግሥት ኃይሎች መካከል የቀጠለው ግጭት ምዕራብ ሸዋንም ጎድቷል። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በታንዛኒያ የተካሄዱት ሁለት ዙር ድርድሮች ያለ ስምምነት ተበትነዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በገበሬ ቤት የተቀመጠ ጠመንጃ ለባለቤቱ ጋሻ የመሆኑን ያህል ጦስም ይሆናል። አንዱ ወገን ሊወስደው ይፈልጋል፤ ሌላው ወገን ለማን እንደተቀመጠ ይጠይቃል። ያልተመዘገበ መሣሪያ የያዘ ሰው ደግሞ ለንጽሕናው የሚያቀርበው ወረቀት የለውም።

ፈቃድ ያለው ሰውም ቢሆን እንደፈለገ የመተኮስ መብት የለውም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን የሚቀበለው ጥቃቱ ሕገ ወጥና የማይቀር ሲሆን፣ የመከላከሉም ርምጃ ከጥቃቱ ጋር ሲመጣጠን ነው። ከመጠን ያለፈው በአንቀጽ 79 ይታያል። ሸሽቶ በሚሄድ ሌባ ላይ የሚተኩስ ሰው ስለዚህ ከባድ የሕግ ጥያቄ ይጠብቀዋል። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮስ ጥይትም ተመልሶ መሬት መውረዱ አይቀርም።

የአካባቢው ባህልም ይህን ያውቃል። በኦሮሞ ሥርዓት ሰው የገደለ ሰው ጣጣው ለራሱ ብቻ አይቀርም፤ በጉማ ሥርዓት ቤተሰቡና ጎሣው ለካሣና ለዕርቅ ይቀመጣሉ። እናቶች ሲንቄ ይዘው በተፋላሚዎች መካከል ሲቆሙ ጠቡ እንዲበርድ የሚያደርገው ከበሬታም ከዚያው ሥርዓት የመነጨ ነው። አባ ገዳዎችና የአገር ሽማግሌዎች በምዝገባው ሂደት በታዛቢነት ቢገኙ፣ ቢሮ ብቻውን የማያገኘውን አመኔታ ያስገኛሉ።

ምዝገባ የሚሳካው ውል ሲሆን ነው። ዜጋው መሣሪያውን በስሙ ያስመዘግባል፣ ከልጆች እጅ ያርቃል፣ ወደ ገበያና ወደ ስብሰባ ይዞ አይወጣም። መንግሥትም በበኩሉ ለሚረከበው መሣሪያ ደረሰኝ ይሰጣል፣ ፈቃዱን ያለ እጅ መንሻና ያለ ምልልስ ያስተናግዳል፤ ከሁሉ በላይ ግን ገበሬው ሲጣራ የሚደርስለት ፖሊስ በቅርብ ያኖራል። የመጨረሻው ከጎደለ፣ ቅጣቱ የቱንም ያህል ቢከብድ ጠመንጃው ከግድግዳው ወርዶ በጎተራው ሥር ይደበቃል እንጂ ከቤቱ አይወጣም።